ማኅተም ያፍራል ወይ?

— ሄሎ?... ሄሎ... አቤት ጋሼ። ወዓለይኩም ሰላም። ፊልጶስ ነኝ... አዎ፣ ቡታጅራ፣ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ሌላ የት እሄዳለሁ ብለው ነው።

— ሰላም ነው። ወልቂጤስ? ዋናው ሱቅ ደህና ነው?... ልጆቹስ?... ይመስገን።

— ከጠዋት ጀምሮ ስደውልልዎ ነበር። "የደወሉላቸው ደንበኛ" እያለች ሴትዮዋ አሰለቸችኝ... እሺ፣ ዕቃ እያራገፉ ከነበር ይሁን። ምንም አይደል... ኧረ ምንም አይደል ስል ልማድ ሆኖብኝ እንጂ፣ አንድ ነገርስ አለ።

— የእንሴኖዋ ልጅ። ዘይባ... ጽሕፈት ቤት የከፈተችው፣ አዎ፣ አባቷ አቶ ሰይዶ የገዙላት። ሞተ ጋሼ... ኧረ ኮምፒውተሩ ነው የሞተው። ሰውየውማ ደህና ናቸው፣ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

— ጠቅላላ። ሲጫኑት አይበራ፣ አይጮህ፣ ዝም ነው። ዓመት ይቅርና ግማሹም አልሞላው... ሞክሬዋለሁ። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩለት፣ ያው ነው። ማዘርቦርዱ ነው።

— ምን አሉኝ?... ይቆራረጣል ጋሼ፣ አንዴ ወደ በሩ ልውጣ። ዘይባ፣ እስቲ እግርሽን ሰብሰብ፣ ልለፍ... ሄሎ? አሁንስ ይሰሙኛል?

— "መብራት ነው ያቃጠለው"። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱኑ ነው። የእንሴኖ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ምን እናድርግ አልኳት። አፌን ሳልከድን ከፌስታሉ ውስጥ ስታብላይዘሩን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገችው። ከእኛው የገዛችው ነው። "ያለዚህ እንዳታበሪው" ብዬ የሸጥኩላት እኔው ነኝ። "አብረህ ሽጥ" ያሉኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

— ቀስ ብዬ እኮ ነው የማወራው። ይሰማሉ፣ ሱቁ ከቁም ሳጥን አይሰፋም... ሦስት ናቸው። አቶ ሰይዶ፣ ዘይባ፣ ሌላው ሙስተፋ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው... እሱማ ምን ያደርጋል? ምስክር ሆኖ ነው የመጣው... ምስክር ነው ያልኩት።

— ይስሙኝ ጋሼ፣ ነገሩ እንደሚያስቡት አይደለም። ሰውየው ዕቃ ሊያስቀይሩ አይደለም የመጡት... ዋስ ሊጠሩ ነው... ዋስ። እኔን።

— ይሳቁ፣ ይሳቁ። እኔም ያን ቀን ስቄ ነበር፣ ጉዴን ያመጣብኝ እሱ ነው።

— እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገርዎ። የገዙ ቀን ዘይባ ካርዱን አነበበችላቸው። "የአንድ ዓመት ዋስትና" ይላል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። "ዋሱ ማን ነው?" አሉ። አባባ፣ ይሄ ሰው አይደለም፣ ዋራንቲ ማለት ነው አልኳቸው። "ዋስትና ካለ ዋስ አለ። ስሙ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?" ብለው ካርዱን ከዚህም ከዚያም አገላበጡት። ያለው የእኛ ማኅተም ብቻ ነው። ጣታቸውን ማኅተሙ ላይ አድርገው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?... "ይሄ ያፍራል ወይ?"

— አዎ፣ ማኅተሙ። ማኅተም ያፍራል ወይ አሉኝ። ዘይባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሙስተፋ የሱሪዬን ልክ ሊወስድ መጥቶ ነበር፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ይንከተከታል። እኔ ደግሞ ገዢ ሊሄድብኝ ነው ብዬ... "እኔ ነኝ ዋሱ አባባ" አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ። ጨበጥኳቸው። በቃ።

— አውቃለሁ፣ የሽያጭ ወሬ ነበር። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል አይደል የሚባለው። ግን እርስዎ የአገሩ ልጅ ነዎት ጋሼ። እዚህ አገር ዋስ ማለት ምን እንደሆነ እኔ የመጤ አስተማሪ ልጅ ለእርስዎ ልንገርዎት? እርስዎም ራስዎ ያለ ዋስ አልቀጠሩኝም።

— ስልኩን?... እሺ። አባባ፣ ጋሽ ሀቢቡ ናቸው፣ ባለቤቱ፣ ወልቂጤ ያሉት። ሊያናግሩዎት ነው፣ ይኸው... አባባ?

— ሄሎ ጋሼ። አልቀበልም አሉ... አልተቆጡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "እኔ እሱን አላውቀውም፣ እጄንም አልጨበጠኝ። የማውቀው ዋሱን ነው" አሉ።

— ሻይማ አዝዤላቸዋለሁ። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ነገሩ ሳያልቅ አንቀምስም ብለዋል። ሙስተፋ እንኳ አልነካውም። ሙስተፋ ሻይ እምቢ ሲል አይተው ያውቃሉ?... ሙስተፋ፣ ስለ አንተ አይደለም፣ ተወው።

— ሳጥኑ ላይ ያለው የዋስትና ስቲከር?... ተቀዷል... አይ፣ እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት፣ እነሱ እያዩ... ታዲያ ሳልከፍተው ምኑን ላየው? እንደ ሐኪም ጆሮዬን ደረቱ ላይ ልለጥፍ?

— "ስቲከሩ ከተቀደደ ዋስትና የለም"። አውቀዋለሁ ጋሼ፣ ካርዱን የጻፍኩት በእነዚህ ጣቶቼ ነው። ሻጩ ይቀድዳል፣ ገዢው ይከስራል፣ እንደሱ ነው?... አላልኩም ይላሉ፣ ይኸው አሉ እንጂ።

— አይ፣ አልጮህም። ይቅርታ... እሺ። አንድ ነገር ልጠይቅዎና ከዚያ የፈለጉትን ይዘዙኝ። ስቲከሩን ስልጠው ከሥሩ ሌላ ስቲከር ወጣ... ሌላ። ያረጀ፣ ጫፉ የተላጠ። የራሳችን ነው፣ የአምናው ቀን አለበት።

— ሄሎ?... ጋሼ?... ሄሎ... ተቋረጠ እንዴ?... እ፣ አሉ። ዝም ሲሉብኝ ኔትወርኩ መስሎኝ ነው።

— አይተውታል አልኩዎት እኮ። ቀኑን ያነበበችው ራሷ ዘይባ ናት። ጮክ ብላ።

— ለባሂራ ደውዬ ጠየቅኋት። እባክዎ እሷን እንዳይቆጧት፣ ዋናው ሱቅ ዕቃ የሚወጣና የሚገባው በእሷ እጅ ነው፣ ጠየቅኋት፣ የምታውቀውን ነገረችኝ። አምና ለአንድ ትምህርት ቤት ተሽጦ፣ አልበራ ብሎ ተመለሰ። ለእነሱ ሌላ ተሰጣቸው። ይሄኛው ተነካካ፣ ተወለወለ፣ አዲስ ካርቶን ለበሰና ወደ ቡታጅራ መጣ። እኔም "ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም፣ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ" ብዬ ሸጥኩት። በሞተ ሰው ጋሼ። በአባቴ።

— "ተጠግኖ ነበር"። እሺ፣ ተጠግኖ ከነበር ተጠግኗል ብለን እንሽጠዋ። ታሞ የተነሣ ከብት እንኳ ገበያ ሲወጣ "ታሞ ነበር" ይባላል። ግድግዳው ላይ ደግሞ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ብለን ለጥፈናል። አሁን ቀና ብዬ እያየሁት ነው። የተሸጠው ተመልሶ፣ እንደገና ተሽጦ፣ እንደገና መጥቶ ከሥሩ ቁጭ ብሏል።

— ገብቶኛል። አስመጪው አልቀበልም እንዳለዎት ገብቶኛል፣ እርስዎም ከኪስዎ ነው። እኔ ይህን አልክድም። ግን ይመልከቱት፣ አስመጪው በእርስዎ ላይ ጣለው፣ እርስዎ በእኔ ላይ፣ እኔ በዘይባ ላይ። ዘይባ በማን ላይ ትጣለው? በእንሴኖ ገበሬ?

— ወልቂጤ ይላክ?... እስከ መቼ?... "ይላክ" አሉኝ እንጂ እስከ መቼ ብለው አልነገሩኝም። አባባ፣ ወልቂጤ ሄዶ ይጠገን ይላሉ... ጋሼ፣ "መንገዱን ያውቀዋል፣ አምናም ሄዶ ነበር" አሉ።

— አይ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ እሳቸውም አልሳቁም። ልጅቷ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች እኮ። የፈተና ወቅት ነው፣ አስተማሪዎቹ ወረቀታቸውን ይዘው እየመጡ፣ በሩ ተዘግቶ ሲያዩ ሚኒባስ ተሳፍረው ቡታጅራ ይመጣሉ። አጎቶቿ መጀመሪያም "ሴት ልጅ በኮምፒውተር ምን ትሠራለች፣ ዳሯት" ሲሉ ነበር። አቶ ሰይዶ ብቻቸውን ተከራክረው ነው የዓመቱን በርበሬ ሸጠው የገዙላት። አሁን አጎቶቹ ቤት ድረስ እየመጡ "ያ ሳጥን በራ ወይ?" ይሏታል። በየጠዋቱ። ከዚህ ባዶ እጇን ከተመለሰች ዳግመኛ የሚከራከርላት የለም። ሽማግሌ ለመቀበል ቀን እየጠበቁ ነው።

— ምን ዘይባ?... ጋሼ አንዴ... ዘይባ፣ ካርዱን አትቅደጂው። ስጪኝ። ስጪኝ ወዲህ... አልቀድብሽም፣ ማስረጃሽ ነው እሱ... እሺ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ እሺ፣ ልክ ነሽ፣ ግን ስጪኝ።

— ሄሎ፣ አለሁ ጋሼ... መደርደሪያው ላይ? አንድ ኮምፒውተር አለ... አዎ፣ ለመሥሪያ ቤቱ የተያዘው። እነሱ ገና ወር ሲያልቅ ነው የሚወስዱት። ተመልክቼዋለሁ፣ እሱ አንድ ስቲከር ብቻ ነው ያለው።

— አልነካሁትም። ሳልነግርዎ ላወርደው እችል ነበር፣ ቁልፉ በእጄ ነው። እርስዎን የጠበቅሁት ይፈቅዳሉ ብዬ ነው። እስካሁንም ያልኩት "ይፍቀዱልኝ" ነው፣ ሌላ ምን አልኩ?

— እ?... "የአዲስ አበባው አስመጪ እምቢ አለ በላቸውና ሸኛቸው"። እንደሱ ብዬ?... ይቻላልማ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እዚሁ በሩ ላይ ቆሜ፣ ዞር ብዬ ልለው እችላለሁ። እነሱም ይሄዳሉ። አይሳደቡም፣ ድንጋይ አይወረውሩም። ነገ ግን ገበያ ስወጣ ማንም እጁን አይዘረጋልኝም። እቁብ ሲወጣልኝ ዋስ ጥራ እባላለሁ፣ ማንን እጠራለሁ? ዋስ ሆኖ ለከዳ ሰው ማን ዋስ ይሆናል? እርስዎ ወልቂጤ ነዎት። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።

— አዎ፣ ፈርቻለሁ። ምን ልደብቅዎት።

— እሺ... እሺ... "ካወረድከው ሌብነት ነው"። ሰማሁ... "ዋጋውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከዋስህ ላይ እነቅላለሁ"... ምን አሉኝ ጋሼ? ይድገሙልኝ... ከዋሴ ላይ።

— አይ፣ አልተቋረጠም። ወደ ውስጥ እየተመለስኩ ነው።

— ጋሼ፣ ሲቀጥሩኝ ትዝ ይልዎታል? "ቤት ያለው ዋስ አምጣ" አሉኝ። ልክ ነበሩ፣ ሱቅ ለማያውቁት ልጅ አይሰጥም። አባቴ ሞቶ ነበር። እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። ጓደኞቹ አስተማሪዎች ጋ ዞርኩ፣ ሁሉም ራሱን አከከ። በመጨረሻ አንድ ሰው ይዤ መጣሁ። እርስዎ ለወልቂጤ መኪና ቸኩለው ነበር። ቀና ብለው ሳያዩዋቸው "እዚህ ጋ በጣትዎ" ብለው የቀለሙን ሳጥን ገፋ አደረጉላቸው።

— አዎ... ነጭ ቆብ ያደረጉ። ረጅም፣ ጥቁር ኮት የደረቡ... አዎ፣ "አባቱ ልጄን ፊደል አስቆጥሯል" ያሉት። አስታወሱ? የአባቴ ተማሪ ማን ሆነችና ጋሼ፣ ይህችው ዘይባ።

— እዚሁ ተቀምጠዋል እያልኩዎት ነው። ዋሴ እሳቸው ናቸው። አቶ ሰይዶ።

— ሄሎ?... አይ፣ እሳቸው አንድም ቃል አላነሡትም። ከጠዋት ጀምሮ አልጠቀሱትም። አሁን እርስዎ ሲያነሡት ነው እኔም የነቃሁት። የገዙ ቀን "ዋሱ ማን ነው?" ሲሉኝ አለማወቃቸው መስሎኝ ስስቅባቸው ነበር። የማላውቀው እኔ ነኝ ለካ። እሳቸው ቤታቸውን አስይዘው ለእኔ ቆመዋል። እኔ ደግሞ ለአንድ ሳጥን እቆም እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። ይኸው ነው።

— ቆይ ጋሼ፣ ከዋስህ ላይ እነቅላለሁ አላሉም? ልጥራልዎት፣ ሩቅ አይደሉም። አባባ... አባባ፣ ጋሽ ሀቢቡ "ኮምፒውተሩን ለዘይባ ከሰጠሃት ዋጋውን ከዋስህ እወስዳለሁ" ይላሉ። ዋሴ እርስዎ ነዎት። ምን ልበላቸው?

— እሺ አባባ፣ እንዲሁ እላቸዋለሁ።

— ጋሼ፣ አሉ? "እከፍላለሁ በለው" አሉ... አዎ። እንዲህ ነው ያሉት፣ ቃል በቃል ልንገርዎ። "ጣቴን አስቀምጫለሁ፣ እከፍላለሁ በለው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ደግሞ... "አንተ ግን መጀመሪያ የአንተን ክፈል።"

— ምን እላለሁ? ሰውየው የገዛ ኮምፒውተራቸውን ሁለት ጊዜ ሊገዙልዎት ተስማምተዋል፣ እኔም የእኔን ዋስትና ልክፈል።

— እንዳልዘጋው? አልዘጋውም። ክፍት አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው፣ ይስሙት። ሙስተፋ፣ ና እስቲ አግዘኝ፣ ከፍ ያለው ካርቶን ነው... ቀስ፣ ከሥሩ ያዘው... እንደሱ። ዘይባ፣ ክፈችው። ስቲከሩን እዪው መጀመሪያ። ከሥሩ ሌላ እንዳለ በጥፍርሽ ፈትሺ... የለም? እርግጠኛ ነሽ? ሰኪው። አብሪው።

— ሰሙት ጋሼ? ጮኸ። በራ። ሙስተፋ ነው አሁን የሚያጨበጭበው።

— ካርዱን እየጻፍኩላቸው ነው... ማኅተሙን መትቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ከጎኑ ስሜን እየጻፍኩ ነው። ፊልጶስ... አዎ፣ የራሴን። አባባ "እሱ ነው የጎደለው" ብለዋል። ከሥሩ ቦታ ተርፏል። የእርስዎንም ልጨምርበት?... ጋሼ?... ኔትወርኩ ነው ወይስ ዝም ብለው ነው?

— እሺ። ቦታውን ክፍት ተውኩት።

— ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ?... ገባኝ... አይ፣ አልከራከርም፣ ሱቁ የእርስዎ ነው። የተበላሸውን መደርደሪያው ላይ፣ ሁለቱም ስቲከር እንዲታይ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ዕቃውን ሙስተፋ እያየ እቆልፈዋለሁ። ቁልፉን ግን ለሾፌር አልሰጥም... ለባሂራም አልክም። ቁልፉን ዋሴ ጋ አስቀምጠዋለሁ። መጥተው ከእሳቸው እጅ ይቀበሉ ጋሼ። ባለፈው ቸኩለው ፊታቸውን አላዩትም።

— እ?... አይ፣ ሌላ አላልኩም።

— ልዝጋው ጋሼ። አባባ ሻዩን አንሥተው እየጠጡ ነው። ቀዝቅዟል፣ ትኩስ ላዝዝላቸው።